ነጠላ-ቀለም የሲንክሮትሮን ኤክስሬይ

ነጠላ-ቀለም የሲንክሮትሮን ኤክስሬይ ማለት ሲንክሮትሮን በተባለ ክብ የኤሌክትሮን ማፋጠኛ ከሚመነጨው ድብልቅ ጨረር ውስጥ ተለይቶ የወጣ፣ አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ ያለው የኤክስሬይ ጨረር ነው። «ቀለም» የሚለው ቃል እዚህ ላይ በምሳሌነት ገብቷል። ኤክስሬይ በዓይን አይታይም፤ ነገር ግን ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በሞገድ ርዝመታቸው እንደሚለያዩ ሁሉ ኤክስሬይም የተለያየ የሞገድ ርዝመት አለው። ስለዚህ አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ ያለው ጨረር «ነጠላ-ቀለም» ይባላል።

ይህ ጨረር የፕሮቲንን ቅርጽ ለማወቅ፣ የቅሪተ አካልን ውስጥ ሳይሰብሩ ለማየት፣ በእህልና በአፈር ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮችን ለመለየት እንዲሁም ለሕክምና ምርምር ያገለግላል። ከኢትዮጵያ ጋር በቅርብ ከሚገናኙት ሥራዎች መካከል የዲኪካዋ ሕፃን «ሰላም» ቅሪተ አካል ምርመራና የማሽላ ጠላት በሆነው አቀንጭራ ላይ የተደረገው ጥናት ይገኙበታል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጨረሩ አመነጫጨት

ኤክስሬይን ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 አገኙት። በሆስፒታል ያለው የኤክስሬይ መሣሪያ እስከ ዛሬ በመሠረቱ በዚያው መንገድ ይሠራል፤ በፍጥነት የሚሄዱ ኤሌክትሮኖች ከብረት ጋር ይጋጩና ኤክስሬይ ይወጣል። የሚወጣው ጨረር ግን ብዙ የሞገድ ርዝመቶች የተቀላቀሉበት ነው፤ ወደ ሁሉም አቅጣጫም ይበተናል።

በሲንክሮትሮን ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ ከብረት ጋር አይጋጩም። አየር በወጣለት ቱቦ ውስጥ ወደ ብርሃን ፍጥነት እጅግ ተጠግተው ቀለበቱን ይዞራሉ። ኃይለኛ ማግኔቶች መንገዳቸውን ሲያጎብጡት ኤሌክትሮኖቹ ከጉልበታቸው ከፊሉን በጨረር መልክ ይለቃሉ። ጨረሩም ወደ ፊት፣ በቀጭን መስመር ይወጣል። ይህ ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይን የታየው በ1947 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ስኬኔክታዲ ከተማ በሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ላቦራቶሪ ነበር። መጀመሪያ ላይ እንደ ጉልበት ብክነት ይቆጠር ነበር፤ በኋላ ግን ለዚሁ ብርሃን ሲባል ብቻ ማፋጠኛዎች መሠራት ጀመሩ።

ከታላላቆቹ አንዱ በፈረንሳይ ግሬኖብል ከተማ ያለው የአውሮፓ ሲንክሮትሮን ነው። ቀለበቱ ዙሪያው 844 ሜትር ሲሆን የኤሌክትሮኖቹ ጉልበት 6 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በ1994 ለተመራማሪዎች ክፍት ሆነ፤ ታድሶ በ2020 ዳግም ሥራ ጀምሯል። በእንግሊዝ ያለው ዳይመንድ 562 ሜትር፣ በጃፓን ያለው ስፕሪንግ-8 ደግሞ 1,436 ሜትር ዙሪያ አላቸው። በየቀለበቱ ጠርዝ ጨረሩን የሚቀበሉ በርካታ የሥራ ጣቢያዎች ተተክለዋል፤ እያንዳንዱ ጣቢያ ለአንድ ዓይነት ምርመራ የተዘጋጀ ነው።

አንዱን ሞገድ የመለየት ዘዴ

ከቀለበቱ የሚወጣው ጨረር ገና ድብልቅ ነው። ከውስጡ አንዱን ሞገድ የሚለየው መሣሪያ ሞኖክሮማተር ይባላል። ብዙውን ጊዜ ከሁለት ንጹሕ የሲሊከን ክሪስታሎች ይሠራል።

የሥራው መሠረት በ1913 በእንግሊዛውያኑ ዊልያም ሄንሪ ብራግና ልጃቸው ሎረንስ ብራግ የተገለጸው ሕግ ነው። በክሪስታል ውስጥ አቶሞች በንጣፍ ላይ ንጣፍ ሆነው ተደርድረዋል። ኤክስሬይ በአንድ ማዕዘን ሲያርፍባቸው ከየንጣፉ የሚመለሱት ሞገዶች እርስ በርስ የሚበረታቱት፣ በሁለት ንጣፎች መካከል ያለው ርቀት እጥፍ በማዕዘኑ ሳይን ተባዝቶ ከሞገዱ ርዝመት ጋር እኩል ሲሆን ነው። ከዚህ ውጭ ያሉት ሞገዶች ይጠፋፋሉ። የሞገዱ ርዝመት ግማሽ፣ ሲሶና የመሳሰሉት ያላቸው ጨረሮችም በዚያው ማዕዘን ሊያልፉ ስለሚችሉ በመስተዋት ወይም በሌላ ዘዴ ይወገዳሉ።

ለምሳሌ በተለምዶ በሚሠራበት የሲሊከን ክሪስታል በንጣፎቹ መካከል ያለው ርቀት 0.3136 ናኖ ሜትር ነው። ተመራማሪው 0.1 ናኖ ሜትር ርዝመት ያለው ሞገድ ከፈለገ ክሪስታሉን ወደ 9.2 ዲግሪ ገደማ ያዘነብለዋል። ሌላ ሞገድ ሲፈልግ ማዕዘኑን ይለውጣል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ጨረር ከተመረጠው ጉልበት የሚዛነፈው ከ10,000 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛው ክሪስታል ጨረሩን ወደ ቀድሞ አቅጣጫው ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ሞገዱ ሲቀየር ናሙናው ካለበት ቦታ አይነቃነቅም።

አንድ ሞገድ የተፈለገበት ምክንያት

ድብልቅ ጨረር ጥላ ይሰጣል፤ ነጠላ-ቀለም ጨረር ግን ልኬት ይሰጣል። ልዩነቱ በሦስት ነገሮች ይገለጻል።

አንደኛ፣ ድብልቅ ጨረር በወፍራም ነገር ውስጥ ሲያልፍ ደካሞቹ ሞገዶች ቀድመው ይመጠጡና ብርቱዎቹ ብቻ ይቀራሉ። በዚህ የተነሣ በሲቲ ስካን ምስል ላይ ተመሳሳይ የሆነ ነገር ዳር ዳሩ ከመሃሉ የጠጠረ መስሎ ይታያል። በነጠላ-ቀለም ጨረር ይህ ስሕተት አይኖርም፤ በምስሉ ላይ ያለው የጥቁረትና የንጣት መጠን በቀጥታ ስለ ቁሱ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የሆነ «የመምጠጥ ጠርዝ» አለው። ይህም ንጥረ ነገሩ ኤክስሬይን በድንገት አብዝቶ መምጠጥ የሚጀምርበት ጉልበት ነው። ለብረት 7.11፣ ለዚንክ 9.66፣ ለሴሊኒየም 12.66፣ ለአዮዲን ደግሞ 33.17 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የጨረሩን ጉልበት በጠርዙ ላይ፣ ከጠርዙ በታችና በላይ ማድረግ የሚቻለው አንድ ሞገድ ተለይቶ ሲወጣ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ጨረሩ በክሪስታል አቶሞች ተበትኖ የሚሠራው የነጥቦች ንድፍ የሚነበበው የሞገዱ ርዝመት በትክክል ሲታወቅ ነው። ይህ አበታተን ዲፍራክሽን ይባላል።

የፕሮቲን ቅርጽ፦ አቀንጭራና ማሽላ

የነጠላ-ቀለም የሲንክሮትሮን ኤክስሬይ ትልቁ አገልግሎት የፕሮቲንን ቅርጽ ማወቅ ነው። ፕሮቲኑ መጀመሪያ ክሪስታል እንዲሆን ይደረጋል። ከዚያ በጨረሩ ውስጥ ቀስ እየተባለ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ የሚታየው የነጥቦች ንድፍ ይመዘገባል፤ ኮምፒውተር ከንድፎቹ ተነሥቶ የአቶሞቹን አቀማመጥ ያሰላል።

መመዝገቢያው የነጥቦቹን ድምቀት እንጂ የሞገዶቹን አካሄድ ስለማይይዝ ስሌቱ ይጎድላል። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተፈጠሩት ዘዴዎች አንዱ በፕሮቲኑ ውስጥ በድኝ ምትክ ሴሊኒየም ማስገባት ነው። ጨረሩ በሴሊኒየም የመምጠጥ ጠርዝ አካባቢ፣ ማለትም ወደ 0.098 ናኖ ሜትር ገደማ ሲስተካከል የሴሊኒየም አቶሞች ከሌሎቹ ተለይተው ይታወቃሉ፤ የቀረውም ቅርጽ ከእነርሱ ተነሥቶ ይገነባል። በ2009 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የራይቦዞም ቅርጽ ጥናት የተሠራው በሲንክሮትሮን ኤክስሬይ ነው።

ይህ ሥራ ከወሎ ገበሬ ማሳ ጋር የሚገናኘው በአቀንጭራ በኩል ነው። አቀንጭራ ሥሩን በማሽላ ሥር ላይ ተክሎ ውኃውንና ምግቡን የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው። በራያ ቆላ ማሽላ ዋና እህል ስለሆነ አቀንጭራ የገባበት ማሳ ለቤተሰቡ የምግብ ጉዳይ ነው። አረሙ ከአፈር በላይ ብቅ ሲል ጉዳቱን ከሥር ሆኖ ቀድሞ ጀምሯልና ማረም ብቻውን አያድንም። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ይረግፋል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይበቅል መቆየት ይችላል።

ዘሩ የሚነቃው የአስተናጋጁን ሥር ሽታ ሲያገኝ ነው። ማሽላ በአፈር ያሉ ጠቃሚ ፈንገሶችን ለመጥራት ከሥሩ ስትሪጎላክቶን የተባሉ ኬሚካሎችን ያወጣል። አቀንጭራ ይህንኑ ጥሪ ሰምቶ ይበቅላል። የሚሰማበት «ጆሮ» ፕሮቲን ነው። በ2015 በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የፒተር ማኮርት ቡድንና ባልደረቦቹ ከእነዚህ ፕሮቲኖች የአንዱን ክሪስታላዊ ቅርጽ አውጥተው ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ኬሚካሉን የሚቀበለው ጎድጓዳ ቦታ በሌሎች ተክሎች ካለው ተመሳሳይ ፕሮቲን የሰፋ መሆኑ ታየ። አቀንጭራ እጅግ ጥቂት የሆነ ስትሪጎላክቶንን እንኳ ለምን እንደሚለይ ለመረዳት ይህ ትልቅ ፍንጭ ሆነ።

የዚህ ዕውቀት ጥቅም አረሙን ለማታለል ነው። ማሽላ ከመዘራቱ በፊት ስትሪጎላክቶንን የሚመስል ኬሚካል አፈሩ ላይ ቢረጭ የአቀንጭራው ዘር ይበቅላል፤ የሚጠባው ሥር ሲያጣ ግን በቀናት ውስጥ ይሞታል። በ2018 በጃፓን የናጎያ ተመራማሪዎች እጅግ በትንሽ መጠን ይህን የሚያደርግ ሞለኪውል ማግኘታቸውን አስታውቀዋል።

ሌላው መንገድ ጥሪውን ራሱን መቀነስ ነው። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን አውጥተዋል፤ በ2009ም የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ከእነዚህ ዝርያዎች አንዱ በኢትዮጵያ «ጎብዬ» በሚል ስም ለገበሬዎች ተለቋል። ይህ ስም ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የጎብዬ ከተማም ስም ነው። በ2017 የገቢሳ ቡድን አንዳንድ ማሽላዎች አቀንጭራን የሚቋቋሙበትን ዘረ-መል ለይቶ አሳተመ፤ የዘረ-መሉ ለውጥ ከሥሩ የሚወጣውን የስትሪጎላክቶን ዓይነት ይቀይረዋል። የማሽላ ማዳቀል ሥራ ያለ ሲንክሮትሮን የተጀመረ ነው፤ የፕሮቲኑ ቅርጽ የጨመረው፣ ዘሩ ለአንዱ ኬሚካል ሲነቃ ለሌላው ለምን እንደሚተኛ በአቶም ደረጃ ማስረዳትን ነው።

ቅሪተ አካል፦ የዲኪካዋ ሰላም

የራያ ቆላ በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር ይወርዳል። በአፋር ክልል፣ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ ባለችው ዲኪካ በዶ/ር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን በ2000 የአንዲት ሕፃን ቅሪተ አካል አገኘ። ሕፃኗ ሉሲ ወይም ድንቅነሽ ከምትመደብበት ከአውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ወገን ስትሆን ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች ናት። ግኝቱ በ2006 ኔቸር በተባለው መጽሔት ይፋ ሲሆን «ሰላም» የሚለው ስም ታወቀ።

አጥንቶቿ በጠንካራ የአሸዋ ድንጋይ ተይዘው ስለነበር ዘረሰናይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ጥቂት በጥቂት ለማውጣት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ሆኖም በእጅ የማይደረስባቸው ክፍሎች ነበሩ። እነዚህን ለማየት ቅሪተ አካሉ ግሬኖብል በሚገኘው ሲንክሮትሮን ተነሣ።

ከምርመራው ሦስት ዐበይት ውጤቶች ተገኝተዋል።

የአከርካሪ አጥንት፦ በ2017 የወጣው ጥናት ሰላም 12 የደረት አከርካሪ አጥንቶች እንዳሏት አሳየ፤ ይህም ከዛሬ ሰው ጋር አንድ ነው። አከርካሪው ከደረት ዓይነት ወደ ወገብ ዓይነት መገጣጠሚያ የሚለወጠው ግን በ11ኛው አጥንት ላይ ነው።

ዕድሜ፦ የጥርስ ልባጥ ሲሠራ በየቀኑ ደቃቅ መስመር ይተዋል። የልደት ቀንም የራሱ ምልክት አለው። ከልደት ምልክቱ እስከ ሞት ያሉትን መስመሮች መቁጠር ማለት የኖረችበትን ቀን መቁጠር ነው። ቀድሞ ይህን ለማድረግ ጥርሱን መሰንጠቅ ያስፈልግ ነበር። በሲንክሮትሮን ግን ጨረሩ በልባጡ ውስጥ ሲያልፍ የሚያደርገው ጥቃቅን መጣመም ስለሚመዘገብ መስመሮቹ ጥርሱ ሳይነካ ይታያሉ። በ2020 የወጣው ውጤት ሰላም በሞተችበት ጊዜ 861 ቀን፣ ማለትም 2.4 ዓመት ያህል እንደነበረች ያመለክታል። በ2006 የተገመተው ዕድሜ 3 ዓመት ገደማ ነበር።

አንጎል፦ በዚያው የ2020 ጥናት የራስ ቅሏ ውስጣዊ ቅርጽ በኮምፒውተር ተስተካክሎ ተሠራ። የአንጎሏ መጠን 275 ሚሊ ሊትር ያህል ሆነ። በራስ ቅሉ ውስጥ የቀረው የአንጎል ሽክርክሪት አሻራ የአንጎሉ አደረጃጀት እንደ ጦጣዎች እንደነበር ያሳያል፤ በዕድሜዋ መጠን ገና ያልጨረሰ መሆኑ ደግሞ አንጎሉ እንደ ሰው ልጅ ረጅም ጊዜ ወስዶ ያድግ እንደነበር ይጠቁማል። ሁለተኛው መደምደሚያ በዕድሜው ትክክለኛነት ላይ የቆመ ነው፤ ቀኑ ባይቆጠር ኖሮ የእድገቱን ፍጥነት መናገር አይቻልም ነበር።

ንጥረ ነገሮችን መለየት፦ እህልና አፈር

ጨረሩ በአንድ አቶም ላይ ሲያርፍ አቶሙ የራሱን መለያ ኤክስሬይ መልሶ ይለቃል። በዚህ መልስ ንጥረ ነገሩ ይታወቃል። ጨረሩን ከጸጉር እጅግ የቀጠነ አድርጎ ናሙናውን ነጥብ በነጥብ መዳሰስ ስለሚቻል፣ ብረትና ዚንክ በአንድ ፍሬ ውስጥ የት እንዳሉ የሚያሳይ ካርታ ይሠራል። በስንዴ ላይ የተደረጉ እንዲህ ያሉ ጥናቶች ዚንክና ብረት በአብዛኛው በፍሬው ፅንስና በውጫዊው ንጣፍ እንደሚከማቹ አሳይተዋል። ስለዚህ እህል ተፈትጎ ገለባው ሲወገድ ከማዕድኑ ብዙው አብሮ ይሄዳል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ክብደት አለው። በ2021 ኔቸር ላይ የወጣውና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዳውድ ጋሹ የመሩት ጥናት፣ በኢትዮጵያ በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ እንዲሁም በማላዊ የሚመረት እህል የያዘው የሴሊኒየም፣ የዚንክና የሌሎች ማዕድናት መጠን ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። ያ ጥናት ብዙ ናሙናዎችን በተለመደ ላቦራቶሪ የለካ ነው። ሲንክሮትሮን የሚመልሰው ተከታዩን ጥያቄ ነው፤ ማዕድኑ በፍሬው የትኛው ክፍል፣ በምን ኬሚካዊ መልክ አለ? መልኩን ለማወቅ የጨረሩ ጉልበት በመምጠጥ ጠርዙ ላይ በጥቂቱ እየተቀያየረ ይለካል። ጠርዙ በትንሹ ሲሸሽ የአቶሙ ኬሚካዊ ሁኔታ መለወጡን ይናገራል። አንድ ማዕድን በሰውነት መዋሐዱና አለመዋሐዱ ከመጠኑ ሌላ በመልኩም ይወሰናል።

የሕክምና ምርምር

በደም ሥር ውስጥ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ተሰጥቶ ሁለት ምስሎች ይነሣሉ፤ አንደኛው ከ33.17 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጥቂት ዝቅ ባለ፣ ሌላው ጥቂት ከፍ ባለ ጉልበት። አጥንትና ሥጋ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ፤ አዮዲን ግን በሁለተኛው በጣም ይጠቁራል። አንዱ ከሌላው ሲቀነስ የደም ሥሩ ብቻ ይቀራል። ዘዴው በሆስፒታል የዕለት ተዕለት አገልግሎት ባይሆንም ለሳንባና ለልብ ምርምር ውሏል።

ገደቦች

አንድ ሞገድ መምረጥ የቀረውን ጨረር መጣል ነው። ትልቅና ወፍራም ቅሪተ አካል ሲነሣ የሚቀረው ጨረር ላይበቃ ስለሚችል፣ ተመራማሪዎች አንዳንድ ጊዜ በብረት ሰሌዳ ብቻ የተጣራ ሰፋ ያለ ጨረር ይመርጣሉ። ስለዚህ በሲንክሮትሮን የተነሣ ምስል ሁሉ ነጠላ-ቀለም አይደለም።

ጨረሩ ናሙናውንም ይጎዳል። የፕሮቲን ክሪስታሎች በዚህ ምክንያት ወደ −173 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዝቅዘው ይመረመራሉ። በጥንታዊ አጥንት ውስጥ የቀረ ዘረ-መል በብዙ ጨረር ሊበላሽ ስለሚችል የመጠኑ ጉዳይ አስቀድሞ ይታሰብበታል።

አፍሪካና ሲንክሮትሮን

አፍሪካ ሕዝብ ከሚኖርባቸው አህጉራት ሲንክሮትሮን የሌላት ብቸኛዋ ናት። ደቡብ አፍሪካ ከ2013 ጀምሮ የግሬኖብሉ ማዕከል ተባባሪ አባል ሆና ትሠራለች። አፍሪካ የራሷ ማዕከል እንዲኖራት የሚሠራው «የአፍሪካ የብርሃን ምንጭ» እንቅስቃሴ የመጀመሪያ ጉባኤውን በ2015 በግሬኖብል አካሂዷል።

ለኢትዮጵያ በርቀት የሚቀርበው በዮርዳኖስ፣ አላን በምትባል ከተማ ያለው ሴሳሚ ነው። በ2017 የተመረቀ ሲሆን ዙሪያው 133 ሜትር፣ ጉልበቱ 2.5 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ግብፅን ጨምሮ የአካባቢው አገሮች በጋራ ያቋቋሙት ማዕከል ሲሆን ከ2019 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ፍላጎቱን በራሱ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ይሸፍናል።

በአብዛኞቹ ማዕከላት የጨረር ሰዓት የሚሰጠው በማመልከቻ ነው። ተመራማሪው ምን እንደሚለካና ለምን ሌላ መሣሪያ እንደማይበቃው ይጽፋል፤ ባለሙያዎች ያወዳድሩታል፤ ለተመረጠውና ውጤቱን ለሚያሳትም ሰው ሰዓቱ ብዙውን ጊዜ ያለ ክፍያ ነው። የፕሮቲን ክሪስታል ቀዝቅዞ ሊላክና ልኬቱ ከሩቅ በኮምፒውተር ሊመራ ይችላል። እንደ ሰላም ያለ ቅሪተ አካል ግን ራሱ መጓዝ አለበት። ስለዚህ ዲኪካ የተገኘው አጥንት የተነሣው ግሬኖብል ነው፤ የማሽላ አረም የሆነው አቀንጭራም ፕሮቲኑ የተመረመረው ከኢትዮጵያ ውጭ ነው። ጥያቄው የሚነሣበት ማሳና መልሱ የሚለካበት መሣሪያ ዛሬም በሺዎች ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ።